አንድ ግሥ፥ አሞራ ገደል

የማታ ክፍል ነው፤ መብራት ሄዶ መጣ።
ሀሜሶ ከኋላ አንድ ጥያቄ አወጣ፦
«ቲቸር፥ ይሄ ፍጥረት፥ ጅራት የለሽ ጦጣ፣
ትናንት ስም አልነበር? ዛሬ ግሥ ሆኖ ወጣ?»

«ኤፕ» አልኩ። አጭር ናት፤ እንደ ስቅታ ያለች፣
ሳትታኘክ ወጥታ ከንፈር ላይ ያለቀች።
መዝገበ ቃላቴን፥ ሽፋኑ የረገፈ፣
ገለጥኩት፤ እንዲህ ነው በደቃቁ የተጻፈ፦
«ሌላውን መምሰል፥ በከንቱ፥ ያለ ልብ፣
እንደዚያ እንስሳ።» ይኼ ነው የእንግሊዝ ስድብ።
ቃሏስ ከየት መጣች? «በእርግጥ አይታወቅም።»
ከሌላ ሕዝብ አፍ ወስደዋት ይሆናል፤ እኔ እንጃ፥ አልምልም።
መኮረጅን ልትሰድብ ራሷ ተኮርጃ፣
ስትዞር ኖራለች ያለ አባት ማስረጃ።
ሰው ካፍ አፍ ሲቀዳት፥ ሲቀባበላት ኖሮ፣
የመጀመሪያው አፍ ጠፍቷል ተቀብሮ።

«በእኛስ ምን ይባላል?» ጠየቀች ሽታዬ፣
ጥፍሯ ላይ የዓሣ ቅርፊት፥ የማታ ተማሪዬ።
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦ መኮረጅ፥ ማስመሰል፣
መቅዳት። ይኼ ደግሞ ለውሃም ይሆናል፤
ከእንስራ ወደ ጣሳ፥ ከደብተር ወደ ደብተር፣
ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ባንድ ግሥ ሲሻገር።
«ኮረጀስ» አልኩ ደግሞ «ከኮረጆ ይሆን?
የሰው ቃል ሸክፎ ሹልክ ማለት ቢሆን?»
ቀልድ ነው፤ ማስረጃ ቅንጣት የለኝም።
የሳቀ አልነበረም፤ ቀና ያለም የለም፤
ቀልዴን እንደ እውነት፥ ሰረዙን ሳይስቱ፣
በየደብተራቸው ቃል በቃል ከተቱ።

*

ቅዳሜ። ዋርካው ሥር። ሐይቁ ወተት መስሏል።
አርማለሁ፦ ሃያ ሁለት ወረቀት፥ አንድ ዓይነት ስሕተት፣
ከጎረቤት ዴስክ በጥንቃቄ የቀዱት።
አባ ኮዳ ቆሟል ከዓሣ ሻጮቹ ጎን፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ደርቦ ካባውን።

አንዲት ጦጣ መጣች፤ ፊቷ ከሰል፥ ጅራት ያላት።
ዓይኔን ሳሽ አሸች፤ ሳዛጋም አዛጋች፤
ቀዩን እስክሪብቶዬን ላፍ አድርጋ ወጣች።
ቅርንጫፍ ላይ ሆና፥ ቅጠል ዘረጋግታ፣
ቅንድቧን ሰብስባ፥ አንገቷን ደፍታ፣
ታርም ጀመር።
አስተራረሟ ልክ እንደ እኔ ነበር፦
ሳታነብ።

ሽታዬ ቢላዋዋን እንደያዘች ሳቀች፦
«ቲቸር፥ ግሡን ሠራችው!» አለች።
የጀልባው ልጆች ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል
ጦጣዋ ግራ እጇን ወደ ጆሮዋ ላከች፣
የሌለ ዘለላ ወደ ኋላ መለሰች።

ቀዘቀዝኩ።

ይህች የእኔ አመል ናት፤ መላጣ ሆኜ እንኳ
እጄ ይሄዳል፥ ሳስብ፥ ጠመኔ ስይዝ።
የእኔም አይደለችም። ይርጋዓለም፥ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣
ሚስ ሄለር የምትባል ረጅም ፈቃደኛ
እንግሊዝኛ ስታስተምረን
ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ፀጉር
በግራ እጇ ወደ ጆሮዋ ኋላ
ትመልሰው ነበር።
እኔ ቋንቋዋን ከአፍንጫዋ፥ ሳሏን ከጉሮሮዋ፣
ያቺንም ከእጇ ቀዳሁ።
ማንም አላዘዘኝም። ወድጃት ነበር መሰለኝ።
እሷስ ከማን? ከእናቷ? ከአክስቷ? ከሲኒማ?
አልጠየቅኳትም።
አሁን ግን አሞራ ገደል፥ ዋርካ ላይ፣
ከአርባ ዓመት በኋላ፣
ሚስ ሄለር ፀጉሯን መለሰች።

ጦጣዋ እስክሪብቶዬን ነክሳ፥ መረረኝ ብላ፣
ሐይቁ ውስጥ ወረወረችው።
ሽታዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ
ሰማያዊ እስክሪብቶዋን አበደረችኝ።
ሃያ ሁለቱን ወረቀት እንደገና ጀመርኩ፤
ያቺን አንድ ስሕተት ሃያ ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤
በአሥራ ሰባተኛው ላይ
ስሕተት መሆኗን ተጠራጠርኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ
መዝገበ ቃላቱ «ያለ ልብ» ከሚለው ጎን
በዚያው በሰማያዊው
የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።
ገጹ እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።